በቅናሽ የገዛኋት ኦርኪድ ቅጠሏ ተጨማዷል፣ ትተርፋለች ወይስ ልጣላት?

ሚሚ_ሜሪላንድ
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ አበባ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ዛሬ አምፖል ልገዛ አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ገብቼ መውጫው ጋ ያለው የቅናሽ መደርደሪያ ላይ ኦርኪዶች ተደርድረው አየሁ፣ ሁሉም ሊሞቱ የደረሱ ናቸው፣ ከ25 ዶላር ወደ 5 ወርደዋል፣ እኔም አንዷን አንስቼ መጣሁ። አሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በደንብ ሳያት ግን መደብሩ ውስጥ ከመሰለኝ በላይ ተጎድታለች። ቅጠሏ ወፍራምና ቀጥ ያለ መሆን ነበረበት አይደል፣ ይሄኛው ተጨማዶ እንደ አሮጌ የቆዳ ጓንት ተልፈስፍሷል፣ የታችኛው ቢጫ ሆኗል። ዘንጉ ላይ ሁለት የጠወለጉ አበቦች አሉ፣ እምቡጦቹ ደግሞ ገና ስነካቸው ይረግፋሉ። ፖቷን ሳነሳ ውስጡ ምንም ያለ አይመስልም፣ በጣም ቀላል ነው። ውስጡ ያለውም አፈር ሳይሆን ደረቅ ሣር ነገር ነው። መለያው ፋላኖፕሲስ ይላል፣ በሳምንት ሦስት በረዶ አድርጉባት ይላል፣ በቃ ሌላ የለም። ጥያቄዬ፣ ዛሬውኑ ውሃ ልስጣት? አበባውንስ ልቁረጠው ወይስ ይቆይ?

ሃምሳ_ሎሚ
ሃሃሃ 5 ዶላር ለሬሳ ከፈልሽ ማለት ነው። እህቴ አትድከሚ፣ 20 ዶላር ጨምረሽ አበባዋ የሞላ ትገዣለሽ። ካልሆነም መለያው እንዳለው በረዶውን ጣል ጣል አድርጊባትና ከዳነች ዳነች።

የእትዬ_ጓሮ
ሚሚ ልጄ፣ ውሃም በረዶም ከመስጠትሽ በፊት ከፖቱ አውጪያት። እኔ ቨርጂኒያ ከመጣሁ ጀምሮ ኦርኪድ ቤቴ ጠፍቶ አያውቅም፣ ሰው ጥሎት አንስቼ ያዳንኩትም ብዙ ነው፣ ሁሌ የማየው አንድ ነገር ስለሆነ ነው የምልሽ። ቅጠሉ ሲጨማደድ የሚነግርሽ ውሃ ቅጠሉ ጋ እየደረሰ አለመሆኑን ብቻ ነው። ለምን እንዳልደረሰ አይነግርሽም። ውሃ የሚሰጣት አጥታ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ውሃ በዝቶባት ስሯ በስብሶ የምትጠጣበት ስለሌላት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፣ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው፣ ስሯ የበሰበሰውን ተጠማች ብለሽ ብታጠጫት በሳምንት ውስጥ ትጨርሻታለሽ።

ስለዚህ ስሩን እዪ። ጣትሽ መሀል አድርገሽ ቀስ ብለሽ ጫን በይው። ጠንከር ካለ ህይወት አለው፣ ነጭም ይሁን አረንጓዴ ቡኒም ይሁን አትጨነቂ፣ ሞስ፣ ያ ደረቅ ሣር ያልሽው ነገር፣ ውስጥ የቆየ ስር ብርሃን ስላላየ ቀለሙ ይጠፋል። ልምጥምጥ ብሎ ልጣጩ ከተንሸራተተና መሀሉ ላይ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ከቀረ ሞቷል። ደርቆ ወረቀት የሆነ ባዶ ስርም ሞቷል። ፎቶ አንስተሽ አሳዪን።

አበባውን ዛሬውኑ ቁረጪው፣ ዘንጉን ከነአበባው ከመነሻው ትንሽ ትተሽ። አውቃለሁ ያሳሳል፣ ግን አበባው ያቺን ያለቻትን ትንሽ ውሃ ነው የሚጠጣባት። መቀሱን እሳት ላይ አድርጊው፣ የኦርኪድ ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በመቀስ ነውና።

ቡና_ጠጪዋ
እትዬ እንዳሉሽ አድርጊ፣ ከዛ ግን የተቆረጠው ላይ ቀረፋ ነስንሽበት፣ ሁሉም ቪዲዮ ላይ እንደዛ ነው የሚያደርጉት። የቡና አተላም ጥሩ ነው፣ እኔ ጽጌረዳዬ ላይ አደርጋለሁ በጣም ነው የወደደችው።

ሚሚ_ሜሪላንድ
እሺ አወጣኋት። ወይኔ ጉድ። ሞሱ ፖቱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ተጠቅጥቆ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ በጣት አልነቀል ብሎኝ በእርሳስ እየፈለቀቅኩ ነው ያወጣሁት። መሀሉ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ የፕላስቲክ ቅርጫት ነገር አለ፣ የተክሏ አንገት እዛ ውስጥ ተቀርቅሯል፣ እሱ ውስጥ ያለው ስር በሙሉ ጥቁርና ልምጥምጥ ነው፣ ይሸታልም። ከሱ ውጭ ያሉት ስሮች ግን ጠፍጣፋ ሆነው ደርቀዋል፣ አንዳንዱ ሲነካ ክር ብቻ ነው፣ ጠንካራ የሚመስሉ አራት ወይ አምስት ይሆናሉ እነሱም የተሸበሸቡ ናቸው። እንዴት ነው በአንድ ፖት ውስጥ ግማሹ በስብሶ ግማሹ በድርቀት የሚሞተው? ቅርጫቱስ ምንድነው፣ ልቁረጠው?

ጅማ_ሆላንድ
ሚሚ ይሄ እኔ በየቀኑ የማየው ስለሆነ ልመልስልሽ፣ ጅማ ግብርና ኮሌጅ የተማርኩ ነኝ፣ አሁን ሆላንድ ዌስትላንድ አካባቢ ግሪንሃውስ ውስጥ ነው የምሠራው፣ እኛ ጋ የሚመረተው ይሄው ፋላኖፕሲስ ነው።

ቅርጫቱ የልጅነቷ ቤት ነው። ችግኟ ከላቦራቶሪ ስትወጣ በትንሽ ሞስ ተጠቅልላ እሱ ውስጥ ትተከላለች፣ ከፍ ስትል ከነቅርጫቱ ወደ ትልቁ ፖት ትዛወራለች፣ ማሽንም ሰራተኛም የሚይዛት በሱ ስለሆነ አይወጣላትም። ግሪንሃውስ ውስጥ ችግር የለውም፣ ሙቀቱ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አየሩ ይንቀሳቀሳል፣ ውሃው በሰዓቱ ነው። መደብር ስትደርስ ግን ታሪኩ ይለወጣል። አንዱ ሰራተኛ ከላይ ያፈስባታል፣ መሀል ያለው ጥቅጥቅ ያለው ሞስ ውሃውን ይዞ አልለቅ ይላል፣ አንገቷ ጋ አየር አይገባም፣ ይበሰብሳል። ከዛ ደግሞ ለሳምንታት ይረሷታል፣ ሁሉም ይደርቃል። ስፋግነም ሞስ አንዴ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም፣ የምታፈሺው በፖቱ ጠርዝ ተንሸራቶ ከታች ይወጣል፣ ሰራተኛው አጠጣሁ ብሎ ይሄዳል እሷ ግን አልጠጣችም። ግማሹ በስብሶ ግማሹ የደረቀው ለዚህ ነው።

ቅርጫቱን በመቀስ በጥንቃቄ ቆራርጠሽ አውጪው፣ ሞሱን በሙሉ አራግፊ፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቢያት። የሞተውን ስር ቁረጪ፣ ጠንካራውን በሙሉ ተዪ፣ ጫፉ ሞቶ ወደ አንገቷ ጋ ጠንካራ የሆነም ካለ የሞተውን ብቻ። ክር ብቻ የቀረውን ከፈለግሽ ጥቂት ተዪው፣ ምንም አይጠጣም ግን ተክሏን ፖቱ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ይይዝልሻል።

ቀረፋውን ግን ስር ላይ እንዳታደርጊ! ቡና ጠጪዋ ይቅርታ፣ ቀረፋ ፈንገስ ይከላከላል እውነት ነው፣ ግን የሚነካውን ያደርቃል። ቅጠል ቆርጠሽ ቁስሉ ላይ ብታደርጊው ችግር የለውም። በድርቀት እየሞተች ያለች ተክል ስር ላይ ማድረቂያ መነስነስ ግን ምን ይባላል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚሉሽም ይመጣሉ፣ የሚፈላው አረፋ የታመመውንም ጤነኛውንም አይለይም፣ ይቅርብሽ። የቡናው አተላ ለጽጌረዳ ጥሩ ሊሆን ይችላል እሷ አፈር ውስጥ ናት፣ ኦርኪድ ግን አየር የምትፈልግ ናት፣ አተላው ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍንና ይሻግታል።

ሃምሳ_ሎሚ
ቆይ ቆይ አየር ትፈልጋለች ማለት ምን ማለት ነው? ተክል አይደለች እንዴ፣ አፈር ውስጥ ክተቷት በቃ።

ጅማ_ሆላንድ
ሃምሳ ሎሚ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅክ ሳታውቀው። ፋላኖፕሲስ በተፈጥሮዋ መሬት ላይ አትበቅልም፣ አገሯ ፊሊፒንስ ኢንዶኔዥያ አካባቢ ነው፣ ዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቃ ነው የምትኖረው፣ ስሯ አየር ላይ ተንጠልጥሎ። ዛፉን አትመጠውም፣ መቀመጫ ብቻ ነው። ዝናብ ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥታ መያዝ አለባት፣ ከዛ ንፋሱ ያደርቃታል። ለዚህ ብላ ስሯን ቬላመን የሚባል ስፖንጅ የሆነ ሽፋን አልብሳዋለች፣ ሲደርቅ አየር ስለሚሞላው ብርማ ነጭ ይመስላል፣ ውሃ ሲነካው ውሃው አየሩን ያስወጣና ብርሃን ያሳልፋል፣ ከሽፋኑ በታች ያለው አረንጓዴ ይታያል። አንድ ስር ላይ ውሃ ጠብ አድርገህ ብታይ ዓይንህ እያየ ነው ቀለሙን የሚቀይረው። ይሄን ስር አፈር ውስጥ ስትቀብረው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይበሰብሳል።

እና ሌላም ነገር፣ ቅጠሏ ቀን ቀን ቀዳዳውን ይዘጋል፣ ማታ ነው የሚከፍተው፣ ውሃ እንዳይተንባት። ብዙ ጊዜ ሳትጠጣ የምትቆየው በዚህ ነው። ሚሚ አንቺም ይሄን እወቂው፣ በዝግታ ነው የምትሞተው በዝግታም ነው የምታገግመው፣ ነገ ጠዋት ለውጥ አትጠብቂ።

ሚሚ_ሜሪላንድ
እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም አደረግኩ፣ ያለኝን ስር አጥቤ አጥርቼ ሳየው ጠንካራው ስድስት ነው፣ ሁለቱ ረዘም ያሉ። አሁን እርቃኗን ወረቀት ላይ ተኝታለች። ቀጣዩስ?

የእትዬ_ጓሮ
ጎሽ የኔ ልጅ። አሁን ስሯን ብቻ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ሃያ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንገቷንና የቅጠሉን መሀል ውሃ አይንካው። መሀሉ ላይ ውሃ ከገባ በናፕኪን ጫፍ አድርቂው፣ ፋላኖፕሲስ ያላት ማደጊያ ነጥብ አንድ ብቻ ነው እሱ መሀሉ ላይ ያለው፣ እሱ ከበሰበሰ አብዛኛውን ጊዜ በቃ አለቀ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ከጎኗ ልጅ ታወጣለች። ከዛ አውጥተሽ ታንጠባጥቢያታለሽ፣ ስሮቹ አረንጓዴ ይሆናሉ ታያለሽ።

ፖቱ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ መጠኑ ለስሯ ልክ እንጂ ለቅጠሏ አይሁን። ትልቅ ፖት ውስጥ ብታስገቢያት መሀሉ ሳይደርቅ ይቆያል። የኦርኪድ ቅርፊት፣ ያው የተሰባበረ የዛፍ ልጣጭ፣ ግዢ፣ ደረቅ ቅርፊት ውሃ ስለማይቀበል ማታውን ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ያቺ ፖቱ የሚጠቀለልባት ወርቃማ ወረቀት ካለች ደግሞ አውጥተሽ ጣያት፣ ውሃ የሚጠራቀመው እሷ ውስጥ ነው።

ጅማ_ሆላንድ
እትዬ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ ግን ቅርፊቱ ላይ ትንሽ ልከራከር። ስድስት ስር ብቻ ላላት ተክል ንጹህ ቅርፊት ቶሎ ይደርቃል፣ በተለይ ሜሪላንድ ክረምት ላይ ሂተር እየሠራ። እኔ ብሆን ቅርፊቱ ላይ አዲስ ሞስ፣ ጨምቀሽ ጨምቀሽ እርጥብ ብቻ እስኪሆን፣ ላላ አድርጌ ስሩ ዙሪያ እቀላቅላለሁ። አትጠቅጥቂው ብቻ።

የእትዬ_ጓሮ
የኔ ወንድም ሞስ አይደል እንዴ መጀመሪያውኑ ያበሰበሳት? እንደገና ሞስ ውስጥ ልትከታት?

ጅማ_ሆላንድ
ያበሰበሳት መጠቅጠቁ ነው እትዬ። ላላ ያለ ሞስ አየር አለው። የእርስዎ ቤት ምናልባት እርጥበት ያለው ይሆናል ኦርኪድም ስለበዛ እርስ በርስ ይረዳዳሉ፣ እሷ ግን አንድ ተክል ይዛ ሂተር ያለበት አፓርታማ ውስጥ ናት። ቅርፊት ብቻ ከሆነ በየሁለት ቀኑ መንከር ሊኖርባት ነው።

የእትዬ_ጓሮ
እሱስ እውነት ነው፣ የኔ ኪችን መስኮት ላይ ነው ሁሌ ድስት ይፈላል። በይ እንግዲህ ሚሚ ቀላቅዪ፣ ግን ሳይደርቅ ድጋሚ እንዳታጠጪ፣ ውጭው ሲደርቅ ሳይሆን ፖቱ ሲቀልና ስሩ በፕላስቲኩ በኩል ነጭ ሆኖ ሲታይሽ ነው።

ሃምሳ_ሎሚ
በረዶው ግን ምን አጠፋ? መለያው ላይ ከተጻፈ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው።

ጅማ_ሆላንድ
በረዶው ብዙ ሰው እንደሚለው ገዳይ አይደለም፣ ይሄን ላንተ እሰጥሃለሁ። ኦሃዮ ስቴትና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 2017 ላይ ያወጡት ጥናት አለ፣ ቅርፊት ውስጥ የተተከሉ ጤነኛ ፋላኖፕሲሶችን በሳምንት ሦስት በረዶ ሰጥተው ተመሳሳይ መጠን ውሃ ከተሰጣቸው ጋር አነጻጸሩ፣ የአበባው ዕድሜም ስሩም አልተጎዳም። ግን ልብ በል፣ ጤነኛ ተክል ነው። በረዶው የተፈለሰፈው ሰው ውሃ እንዳያበዛ ነው። እዚህ ያለችው ግን ጠጥታ ያልጠገበች ናት፣ ሦስት በረዶ ቀልጦ የሚሰጣት ምላስ ማርጠቢያ ነው፣ የደረቀው ሞስ ደግሞ እሱንም አያስገባላትም።

ሐያት_ዱባይ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሚሚ ይቅርታ ጥያቄሽ ላይ ገብቼ፣ ግን የኔም ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። ማዳም ቤት ሳሎን ውስጥ ትላልቅ ኦርኪዶች አሉ በዒድ ስጦታ የመጡ፣ ውድ ናቸው፣ እና ሁለቱ ቅጠላቸው ልክ ሚሚ እንዳለችው ተጨማደደ። ማዳም ተጠምተዋል ብላ በየቀኑ አጠጪ አለችኝ፣ በየቀኑ አጠጣለሁ ይባስ ብሎ ይጨማደዳል። ፖቱ ነጭ ሸክላ ነው ከታች ቀዳዳ የለውም። ከላይ አሸዋና ጠጠር ተደርጎበታል ለውበት። እና ይሄ ነገር እኔ ላይ ሊመጣ ነው።

የእትዬ_ጓሮ
ሐያት ልጄ አይዞሽ፣ ያንቺ ተጠምታ አይደለም፣ ሰምጣ ነው። ቀዳዳ የሌለው ፖት በየቀኑ ውሃ ሲገባበት የት ይሄዳል? ውሃውን ዛሬ አቁሚ። ሸክላው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሌላ የፕላስቲክ ፖት ነው ያለው፣ ጠጠሩን አንስተሽ እዪ፣ ፕላስቲክ ካለ ጎትተሽ አውጪው። ስሩ በስብሶ ታገኚዋለሽ፣ ሽታው ራሱ ይነግርሻል። ማዳምን ጠርተሽ ስሩን አሳያት፣ ሳታሳያት እንዳትቆርጪ፣ ሲቆርጡ ያየ ሰው ሁሌ ቆራጩን ነው የሚወቅሰው።

ጅማ_ሆላንድ
እና ሐያት ኤሲው አየር የሚተፋበት ፊት ለፊት ከሆነ ያሉት አንሺያቸው። ቀዝቃዛና ደረቅ ንፋስ ነው፣ ስር የሌላት ተክል ላይ ቅጠሉን ያደርቀዋል እምቡጥም ያረግፋል። ምንም ስር ካላገኘሽ የፌስታል ዘዴ አለ፣ ትልቅ የሚያሳይ ፌስታል ወይ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከታች ጥቂት የተጨመቀ እርጥብ ሞስ አድርገሽ ተክሏን ከላይ ታስቀምጫለሽ፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ቅጠሉ ያለውን ውሃ አያጣም፣ በሱ ጊዜ ውስጥ አዲስ ስር ታወጣለች። ሙቀት ያለበት፣ ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ፣ ፀሐይ ካገኘው ፌስታል ውስጥ ትቀቀላለች። በየሁለት ሦስት ቀን ክፍት አድርገሽ አናፍሺው አለዚያ ይሻግታል። ወራት ይወስዳል።

ቡና_ጠጪዋ
እኔ ቀረፋዬ ተሰደበብኝ እንጂ አልተቀየምኩም። ቆይ ግን ቅጠሉን ስኳር በበጠበጥኩበት ውሃ ብጠርግላት ብለው የሚያስተምሩ አሉ፣ እሱስ? የሩዝ ውሃ፣ የነጭ ሽንኩርት ውሃ፣ ሁሉንም አይቻለሁ።

ጅማ_ሆላንድ
ቅጠሉ ላይ ሰም የመሰለ ሽፋን አለ፣ ከላይ የተቀባውን ስኳር አይጠጣም፣ ጉንዳን ግን ይጠጣዋል። ቅጠሉን በንጹህ እርጥብ ጨርቅ አቧራውን ጥረጊለት፣ እሱ ይጠቅማል።

ሚሚ_ሜሪላንድ
አፕዴት ላምጣ። ከቆየሁ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ቅርፊትና ሞስ ቀላቅዬ ተክዬያታለሁ፣ ምሥራቅ መስኮት ላይ ናት የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኛት፣ ፖቱ ሲቀል ፖቷን ውሃ ውስጥ አቆማለሁ አንጠባጥባታለሁ። የታችኛው ቢጫ ቅጠል ወደቀ። ሌሎቹ ግን እንዳሉ ናቸው! ትንሽ ጠንከር ያሉ ይመስለኛል ግን ሽብሽቡ አልጠፋም፣ ተስፋ መቁረጥ ጀምሬ ነበር። ከዛ ዛሬ ጠዋት ሳያት ከሁለት ቅጠል መሀል አረንጓዴ ጫፍ ያላት ትንሽ ነገር ብቅ ብላለች። ዘንግ ነው ወይስ ስር?

የእትዬ_ጓሮ
እልልልል! ጫፏ ክብ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ስር ናት። ዘንግ ቢሆን ጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ አውራ ጣት ብቻ ያለው የሕፃን ጓንት ይመስላል እያሉ ይነግሩሻል፣ እኔ ግን ገና ከመውጣቱ መለየት አልችልም፣ ጥቂት ቀን ቆይተሽ እዪ። ባሁን አቅሟ ግን ስር ናት፣ ዘንግ ብትሆን ቁረጪያት።

ቅጠሉን በተመለከተ፣ በጣም የተጨማደደ ቅጠል ድሮ ወደነበረበት ላይመለስ ይችላል። እሱን አትመልከቺ። አዲስ ስርና ከመሀል የሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው ዳነች አልዳነች የሚነግርሽ። አሮጌዎቹን ግን ራሳቸው እስኪወድቁ እንዳትቆርጪያቸው፣ ተጨማደው እንኳ ምግብ ይሠሩላታል።

ሚሚ_ሜሪላንድ
ስር ናት! ክብ ናት፣ ጫፏ ቀላ ያለ አረንጓዴ ነው። ግን ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ ነገር አገኘሁ፣ የቅጠሎቹ ብብት ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነጭ ነገር። ሻጋታ ነው?

ጅማ_ሆላንድ
በጣትሽ ስትፈጪው ቢጫ ወይ ቀይ ነገር ካወጣ ሻጋታ ሳይሆን ሚሊባግ የሚባል ተባይ ነው፣ ከመደብር ነው የመጣው፣ የቅናሽ መደርደሪያ ላይ ሲጠጋጉ ይጋባሉ። 70 በመቶ አልኮል በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ነክረሽ አንድ በአንድ ንኪያቸው፣ መሀሉ ጋ እንዳይንጠባጠብ ተጠንቀቂ። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ በየሳምንቱ እስኪጠፉ ደጋግሚው። ቤትሽ ሌላ ተክል ካለ እስከዛ ለያቸው።

ሃምሳ_ሎሚ
5 ዶላር ብላችሁ የጀመራችሁት ቅርፊት፣ ሞስ፣ ፖት፣ አልኮል... ሒሳቡን አልሠራም ብቻ።

ሚሚ_ሜሪላንድ
አትሥራው ወንድሜ።

ገርጂ_ማዞሪያ
ሰላም ከአዲስ አበባ። ይሄን ስታወሩ እያነበብኩ ነበር፣ እኔም ለእናቴ ልደት የተገዛ ፋላኖፕሲስ አለ አሁን ስሩ ከፖቱ ውጭ ሁሉ ወጥቷል፣ ልቀይርለት ፈልጌ የኦርኪድ ቅርፊት ብዬ ያልጠየቅኩት የአበባ መሸጫ የለም፣ ሁሉም ኮምፖስት ነው የሚሰጡኝ። ምን ልጠቀም?

ጅማ_ሆላንድ
አገር ቤት ካለህ ቅርፊት አያስጨንቅህ። የቤት ከሰል ጣት የሚያክል አድርገህ ሰብረህ ዱቄቱን ነፍተህ በደንብ እጠበው፣ ከሱ ጋር ሬድ አሽ፣ ያው ለግንባታ የሚያመጡትን ቀዩን፣ ባቄላና ከዛ ከፍ ያለውን መርጠህ ደጋግመህ አጥበህ ቀላቅለው። ሁለቱም አይበሰብሱም፣ አየር አላቸው። ቶሎ ስለሚደርቁ ብቻ ውሃው ከቅርፊት ይበዛል። ኮምፖስቱን ለጎመን አድርገው። ውሃ ደግሞ የክረምት ዝናብ ካጠራቀምክ ከሁሉም ይበልጣል፣ ጨው የለውም።

የወጡትን የአየር ስሮች በግድ ፖት ውስጥ አታስገባቸው፣ ይሰበራሉ፣ ባሉበት ይቆዩ። የአዲስ አበባ ሌሊት ለሷ ትንሽ ቀዝቃዛ ነው፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ከመስኮት መስታወት ራቅ አድርጋት። ጥሩ ጎኑ ግን ፋላኖፕሲስ ዘንግ የምታወጣው ቀዝቀዝ ሲል ነው፣ እኛ ግሪንሃውስ ውስጥ በማሽን ወደ 19 ዲግሪ እናወርድላታለን፣ አንተ በነጻ አለህ።

ቡና_ጠጪዋ
እኛ አገር ግን ኦርኪድ የለም እንዴ በጫካ? ከፋ ስሄድ የቡና ጥላ ዛፎች ላይ ነጭ አበባ ያለው ተንጠልጥሎ አይቻለሁ።

ጅማ_ሆላንድ
አለ እንጂ! ኤራንጊስ የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል ያየሽው፣ ነጭ ኮከብ የሚመስል ከኋላው ረጅም ጭራ ያለው፣ ማታ ማታ ነው የሚሸተው ምክንያቱም የሚያራባው የሌሊት እሳት ራት ነው፣ ማሩ ያለው ጭራው ጫፍ ላይ ስለሆነ ምላሱ ረጅም የሆነ ብቻ ነው የሚደርስበት። ተማሪ እያለን ጅማ ዙሪያ የቡና ጫካ ስንገባ ዛፍ ላይ እንፈልጋቸው ነበር። ዛፉ በተመነጠረበት ቦታ አታገኛቸውም፣ ያረጀ ግንድና የዛፍ ሽበት የሚወዱ ናቸው። እባካችሁ ግን አይታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ተዉት፣ ከጫካ የተነቀለ ቤት ውስጥ አይቆይም፣ ኦርኪድ በሙሉ ደግሞ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ስላለ ያለፈቃድ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። ይሄን የምለው ባለፈው አንድ ዘመዴ ላምጣልህ ስላለኝ ነው።

ሚሚ_ሜሪላንድ
የመጨረሻ አፕዴት ካልሰለቻችሁ። ፋሲካ አልፎ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ስሮቿ በዙ፣ በፕላስቲኩ በኩል አረንጓዴ ጫፋቸው ይታየኛል፣ ከመሀሏም አዲስ ቅጠል ወጥቷል ትንሽ ናት ግን ቀጥ ያለች ወፍራም። ሚሊባጉ ጠፍቷል፣ እንጨት እነካለሁ። አሁን ማዳበሪያ ልጀምር? ደግሞ እንግዶች መጥተው ቡና ሳፈላ አጠገቧ ነው የማፈላው፣ ዕጣኑ ይጎዳታል ይላሉ ልክ ነው?

ጅማ_ሆላንድ
ጀምሪ፣ ስር እያደገ ነው። ከዚህ በፊት ብትሰጫት ኖሮ ማዳበሪያ ጨው ስለሆነ ከደከመው ስር ውሃውን ይስብባት ነበር። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ፣ መጀመሪያ ተራ ውሃ አርጥበሽ ከዛ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ንጹህ ውሃ ብዙ አሳልፊባት የተጠራቀመው ጨው እንዲታጠብ።

ዕጣኑ አሁን ብዙም አይጎዳትም እምቡጥ ስለሌላት። እምቡጥ ስታወጣ ግን አርቂያት፣ ጭስ ውስጥ ኤትሊን የሚባል ጋዝ አለ፣ የበሰለ ሙዝም የሚያወጣው እሱን ነው፣ እምቡጥ ያረግፋል። ከከሰሉም ከዕጣኑም ከፍራፍሬ ሳህኑም ራቅ ማድረግ ነው።

የእትዬ_ጓሮ
አበባ ዘንድሮ አትጠብቂ ልጄ። መኸር ላይ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ዘንግ ብታወጣም ቅጠሏ ሦስት ጥሩ ካልሆነ እኔ እቆርጣለሁ።

ሚሚ_ሜሪላንድ
ኧረ እትዬ! እሱን ያኔ እናወራለን።

ሐያት_ዱባይ
እኔም አለሁ። ማዳም ስሩን ስታይ ደነገጠች፣ አሁን ሸክላውን አስቀይራለች። አንደኛዋ መሀሏ ጠቁሮ ሞተች፣ ሌላኛዋ ሁለት ስር ነበራት ፌስታል ውስጥ ናት። ግን ሞሱ ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ወጥቷል፣ ልጣለው?

ጅማ_ሆላንድ
ተክሏን አትጣያት ሞሱን ጣይው። አዲስ ሞስ አምጪ፣ እስኪንጠባጠብ ሳይሆን ጨምቀሽ የማይንጠባጠብ እስኪሆን፣ ፌስታሉን ደግሞ ጫፉን ክፍት ተዪው። ስሮቹ ጠንካራ ናቸው ወይ? ነክተሽ ንገሪኝ።